በየካቲት ከባሕር ዳር ወዴት?

«በየካቲት ልጆች ይዤ ልመጣ ነው፤ ረግረጉን ላስቀድም ወይስ ጫካውን?» ላሉት፦ ያለ ጥርጥር ረግረጉን። ጫካው የትም አይሄድም፤ ወፎቹ ግን ይሄዳሉ። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ጣና ዳር የሚከርሙት ክሬን የሚባሉት ግራጫ፣ ባለረጅም እግር ወፎች በዚያ ሰሞን ወደ ሰሜን መመለስ ይጀምራሉ። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድሩና ሲነጋ አዝመራው ወደተሰበሰበበት ማሳ በርረው ቃርሚያ ይለቅማሉ። ስለዚህ የፎገራን ረግረጎች፣ ሸሸርንና ወለላን፣ ለማየት በአቅራቢያቸው ባለችው ወረታ ከተማ ማደር ወይም ከባሕር ዳር ገና ሳይነጋ መነሣት ያስፈልጋል። ረፋድ ላይ ደርሰው «ወፍ የለም» ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ሁልጊዜ ያስገርሙኛል። የርቀት መነጽር ይያዙ፤ ልጆቹም ወደ መንጋው እንዳይሮጡ።

ለጫካው ጣና ዳር ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ይበቃል። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም ምድሩ እንዳይታረስ፣ ዛፉም እንዳይቆረጥ ቃል ተቀብለዋል፤ ቡናው ዛሬም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የካቲት ላይ መንገዱ ደረቅ ስለሆነ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በእግር መውጣት ለልጆች አይከብድም፤ ጦጣዎቹ ምሳቸውን እንዳይነጥቋቸው ብቻ ይጠብቋቸው። ወደ ዘጌ የሚወስደውን ጀልባ ዋጋ ደርሶ መልስ መሆኑን አረጋግጠው ከመሳፈርዎ በፊት ይስማሙ።