አጥር ተከፍቶ የተጀመረ ጁስ ቤት፦ የቦታ አገልግሎት ክርክር ጥያቄና መልስ

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ የመኖሪያ ሰፈር አንዲት እናት የግቢያቸውን አጥር ከፍተው ጁስና ጀበና ቡና መሸጥ ጀመሩ። ንግድ ፈቃድ አላቸው። ቆየት ብሎ ድራፍት ተጨመረ፣ ሸራው ወደ መንገዱ ወጣ፣ ባጃጅ በሩ ላይ መደርደር ጀመረ። ጎረቤት ፊርማ አሰባስቦ አመለከተ። «ቦታው ለመኖሪያ የተሰጠ ስለሆነ በ7 የሥራ ቀን ያንሱ» የሚል ደብዳቤም መጣ። ከሁለቱም ወገን የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው እንዴት ሕገ ወጥ ይባላል?

ንግድ ፈቃድ የሚናገረው ስለ ሥራው ነው። ስለ መሬቱ የሚናገሩት ካርታውና የከተማው ፕላን ናቸው። ንግድ ቢሮ የአድራሻ ማረጋገጫ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ካርታ ወይም የኪራይ ውል አይቶ ያልፋል። ያ ቦታ በፕላኑ ለምን እንደተመደበ መመርመር የሌላ ቢሮ ሥራ ነው። አብዛኛው ጠብ የሚወለደው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ካርታውን አውጥተው «የቦታው አገልግሎት» የሚለውን ያንብቡ፤ መኖሪያ፣ ንግድ ወይም ቅይጥ (መኖሪያና ንግድ አንድ ላይ) ይላል። ከዚያ የካርታውን ኮፒ አያይዘው ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ (በመላው ከተማው ፕላን) እና ካለም በአካባቢ ልማት ፕላኑ (በሰፈሩ ዝርዝር ፕላን) ለምን እንደተመደበ በጽሑፍ ይጠይቁ። የሁለቱ ፕላኖች መሠረት የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። በዋናው መንገድ ግንባር ያለው ግቢ ቅይጥ ሆኖ ከጀርባው ያለው ንጹሕ መኖሪያ ሊሆን ይችላልና «ጎረቤቴም ሱቅ አለው» የሚለው ክርክር ብዙ አያራምድም።

ጥያቄ፦ ካርታው መኖሪያ፣ ፕላኑ ግን ቅይጥ ቢልስ?

ከሁሉ የተሻለው አጋጣሚ ይህ ነው። የአገልግሎት ለውጥ ይጠይቃሉ። ማመልከቻ፣ የካርታና የመታወቂያ ኮፒ፣ የዘመኑ የግብር ወይም የሊዝ ክፍያ ደረሰኝ፣ የነባሩ ቤት የግንባታ ፈቃድና ፕላን ያዘጋጁ። ይዞታው በሊዝ ከሆነ ለውጡ ውሉንም ስለሚነካ የክፍያ ልዩነት ሊመጣ ይችላል፤ ግንባታ ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ። ቤቱን ከመኖሪያ ወደ መጠጥ ቤት መቀየር በሕንፃ አዋጁ በኩልም ፈቃድ ይፈልጋል። አጥር አፍርሶ በር ማውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ የግንባታ ሥራ ነው፤ ሰዉ የሚረሳው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ደብዳቤው የሰጠን 7 ቀን ብቻ ነው። ምን እናድርግ?

ደብዳቤውን በአራት ከፍለው ያንብቡት፤ መሬት፣ ግንባታ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ሁከት (ጎረቤትን መረበሽ)። እያንዳንዱ የየራሱ ቢሮና የየራሱ መልስ አለው። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች አራቱንም አንድ ላይ ያጨቁና ባለጉዳዩም በጅምላ «አልነሳም» ብሎ ይመልሳል፤ በዚያው ይሸነፋል።

በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የ7 የሥራ ቀን ማስጠንቀቂያ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ ቦታን ለማስለቀቅ ነው። በካርታዎ ውስጥ ያለው ክፍል የራስዎ ይዞታ ነው። እዚያ ላይ ያለው ጥያቄ የአገልግሎት እንጂ የወረራ አይደለም። ከካርታው ውጪ ወደ መንገዱ የወጣው ሸራና አግዳሚ ወንበር ግን በትክክል እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ የወጣውን በዚያው ቀን ይሰብስቡ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ከዚያ ስለቀረው በጽሑፍ ይከራከሩ።

ቆጠራው የሥራ ቀን ብቻ ነው። ዓርብ ከደረሰዎት ሰኞ አንድ ብሎ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ያበቃል፤ መሐል ላይ በዓል ካለ ይገፋል። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን በፊርማዎ አጠገብ ይጻፉ። መልስዎን በሁለት ኮፒ ወስደው መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፣ ቁጥሩንና ማህተሙን በእርስዎ ኮፒ ላይ ያስደርጉ። «ለኃላፊው በቃል ነግሬያለሁ» ማለት ምንም አላሉም ማለት ነው።

ቤቱ ከታሸገ ማሸጊያውን አይንኩ፤ መቅደዱ በወንጀል ያስጠይቃል። የሚበላሽ ፍራፍሬ ውስጥ ከቀረ አሻጊው ክፍል መጥቶ እንዲያወጣልዎት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለኮሪደር ልማት ቢሆንስ የሚያነሱን?

ያኔ መንገዱ ሌላ ነው። ሕጋዊ ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ የማስለቀቂያ ትዕዛዝ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ይቀርባል። ካሳ የሚታሰበው በሕጋዊ መንገድ ለተሠራው ነው። ያለ ፈቃድ የተጨመረች የቆርቆሮ ክፍል ካለች ከካሳው የምትቀረው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጎረቤቶች ነን። ችግራችን ጁሱ ሳይሆን የሌሊቱ ሙዚቃ ነው።

እንግዲያው ስለ መሬት አትከራከሩ፤ ስለ ድምፅ አመልክቱ። በአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ቁጥጥሩ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።

አቤቱታው የሚከሽፍበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ባለሙያው ቀን በሥራ ሰዓት ይመጣል፣ ያኔ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ቀንና ሰዓት ዘርዝሩ፣ ልኬቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከእናንተ መኝታ ቤት በኩል እንዲወሰድ ጠይቁ። በስልክ የሚወሰድ የድምፅ ልኬት ማስረጃ ባይሆንም የትኛው ሌሊት እንደሚብስ ለመመዝገብ ይረዳል። ፊርማ ማሰባሰቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሠላሳ ፊርማ የአንድ ሌሊት ልኬት አይተካም።

ይህ ካልሠራ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 አለ፤ ከጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ መጥፎ ሽታና ጩኸትን ይከለክላል። ባለቤቷም ብትሆን በቀላሉ የምታስተካክለው ነገር አላት፤ ስፒከሩን ከቆርቆሮው ግድግዳ አላቅቆ ፊቱን ወደ ውስጥ ማዞር፣ ቤዙን መቀነስ። ቆርቆሮ ቤዝን አያስቀርም፤ እንዲያውም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄ፦ የጁስ ፈቃድ ለድራፍት ይሆናል?

አይሆንም፤ በንግድ ፈቃዱ ላይ መጠጡ የተካተተበት የሥራ መስክ መጨመር አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ሰፈሩን ያስቆጣው ድራፍቱ ይመስላል። ጁስና ቡናውን ይዞ ድራፍቱን መተው የአገልግሎት ለውጡን ጥያቄ በጣም ያቀለዋል።

ጥያቄ፦ ፍሳሹስ? ዲቹ ይሸታል ይባላል።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ውሃው ቶሎ አይወርድም። ሐይቁ አጠገብ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ስለሆነ ክረምት ላይ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከታች ይሞላል። የጁስ ቤት እጣቢ ደግሞ የማንጎና የአቮካዶ ልጣጭ፣ ስኳርና ወተት ነው። ዲች ውስጥ ከገባ በሁለት ቀን ይቦካል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ሐምሌ ላይ መውረጃውን ደፍኖ ጎርፉን ወደ ጎረቤት ይመልሳል። ከማጠቢያው ሥር ወንፊት ያለው ባልዲ ያድርጉ፣ ልጣጩን በየማታው በጆንያ ያውጡ፣ የማጠቢያውን ውሃ ከዝናብ መውረጃው ጋር አያገናኙ። የመጠጥ ውሃ የሚቀመጥበት ሮቶ ከጉድጓዱ የቱን ያህል ይርቃል የሚለውንም ተቆጣጣሪ ያያል።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ደንገሉ አጠገብ ትንሽ ቡና ቤት ብከፍትስ?

ባይሞክሩት ይሻላል። የጣና አካባቢ ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደንገሉን መመንጠር ብቻውን ክስ ያመጣል። ሌላም ነገር አለ። የሐይቁ ውሃ ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ ነው፣ ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ። ግንቦት ላይ ደረቅ ያዩት መሬት መስከረም ላይ ውሃ ይሆናል፤ ግንቦት ላይ በሜትር ለክተው የሚያከራዩ ሰዎች ይህን አይነግሩዎትም። ማንም «ውል አለኝ» ቢልዎት የካርታውን ችካል በቦታው ላይ ያሳይዎት።

ጥያቄ፦ ክርክሩ ሳያልቅ ፈቃድ ማደሻ ቢደርስስ?

ያድሱ። ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ክርክር ላይ ነኝ ብለው ካሳለፉት፣ በመሬቱ ቢረቱ እንኳ ያለ ፈቃድ በመነገድ ሌላ ክስ ይጠብቅዎታል። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለዎት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሲሄዱ ካርታውን፣ ደብዳቤውንና የገቢ ቁጥር ያለበትን ኮፒ ይዘው ይሂዱ።