ግብር ሲቀነስ፣ ቀረጥ ሲጨመር

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የገቢ ግብር እንደተቀነሰ፣ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ግን ቀረጥ እንደተጨመረ እንሰማለን። አንዱ ሌላውን የሚያካክስ ከሆነ፣ በሰዓት ክፍያ የሚተዳደር ቤተሰብ ይበልጥ ይጎዳል የሚባለው ለምንድን ነው? ባለጸጋውስ ያንኑ ቀረጥ አይከፍልም?

መልስ፦ ባለጸጋውም ይከፍላል፤ በዶላር ከተቆጠረ እንዲያውም ከሠራተኛው የበለጠ ይከፍላል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው የተከፈለው ገንዘብ ከገቢው ስንት እጅ እንደሆነ ሲሰላ ነው።

ከግብሩ እንጀምር። ግብር የሚቀነሰው ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው። ለ2025 የግብር ዓመት ያላገባ ሰው ከገቢው 15,750 ዶላር ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ስለሚሆንለት፣ ከዚያ በታች የሚያገኝ ሠራተኛ የግብር መጠኑ ምንም ያህል ቢወርድ ኪሱ የሚገባ ነገር የለም። በቲፕ ገቢ ላይ የተፈቀደው ቅናሽም ቀድሞውኑ የገቢ ግብር የማይደርስበትን አስተናጋጅ አይጠቅምም። ለአንድ ልጅ የሚሰጠው ቅናሽ እስከ 2,200 ዶላር ቢደርስም፣ ግብር የሌለበት ወላጅ በጥሬ ገንዘብ ሊመለስለት የሚችለው ቢበዛ 1,700 ነው። በአንጻሩ በ2017 የወጣው ሕግ የኩባንያዎችን የትርፍ ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ ሲያወርድ፣ ጥቅሙ በመጀመሪያ የደረሰው ለባለአክሲዮኖች ነበር። የኮንግረስ የበጀት ቢሮ በ2025 የጸደቀውን የግብር ሕግ፣ በሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) እና በምግብ እርዳታ ላይ ያደረገውን ቅነሳ ጨምሮ ሲያሰላው፣ በገቢ ዝቅተኛ የሆኑት 10 በመቶ ቤተሰቦች በዓመት በአማካይ 1,200 ዶላር ገደማ እንደሚያጡ፣ የላይኞቹ 10 በመቶ ደግሞ 13,600 ዶላር ገደማ እንደሚያገኙ ገምቷል። እንግዲህ ቀረጡ ገና ሳይነሳ ሚዛኑ አጋድሏል።

ቀረጡን ጉምሩክ ላይ የሚከፍለው አሜሪካዊው አስመጪ እንጂ ዕቃውን የላከው አገር አይደለም፤ አስመጪውም የቻለውን ያህል ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ገቢው በሙሉ ለቤት ወጪ የሚውል ቤተሰብ ከዚህ ማምለጫ የለውም፤ ከገቢው ገሚሱን አክሲዮን የሚገዛበት ሰው ግን በዚያ ገሚስ ላይ ቀረጥ አይነካውም። ብዙም የማይወራለት ደግሞ መደበኛው የአሜሪካ የቀረጥ ሠንጠረዥ ራሱ፣ ከቅርብ ዓመታቱ ጭማሪ በፊትም ቢሆን፣ ርካሹን ዕቃ አብዝቶ የሚቀርጥ መሆኑ ነው፦ ከሰው ሠራሽ ክር የሚሠራ የአክሪሊክ ሹራብ 32 በመቶ ሲቀረጥ፣ ከፍየል ጸጉር የሚሠራው ውዱ የካሽሚር ሹራብ የሚቀረጠው 4 በመቶ ነው፤ ዋጋው ከ30 ሳንቲም የማይበልጥ ተራ ብርጭቆ 28.5 በመቶ ሲከፈልበት፣ ከ5 ዶላር በላይ የሚያወጣ የክሪስታል ብርጭቆ 3 በመቶ ይበቃዋል። ይህን ሠንጠረዥ ያየ ሰው ቀረጥ ለሁሉም እኩል ነው ለማለት ይቸግረዋል።

በ2018 ከውጭ በሚገቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ቀረጥ ሲጣል፣ የማጠቢያው ዋጋ 12 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚሸጡ፣ ቀረጥ ያልተጣለበት የማድረቂያ ዋጋም በተመሳሳይ መጠን አደገ። ከውጭ ውድድር የተጠበቀ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሥራው ሊጸናለት ይችላል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ብረት ከሚያቀልጡት ይልቅ ብረት ገዝተው ዕቃ የሚሠሩት ሠራተኞች እጅግ ብዙ ናቸውና፣ በቀረጥ የተወደደ ብረት የእነዚህኞቹን ሥራ ያሰጋል።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ሁለቱ መካካሳቸውን በራስዎ ቤት ማጣራት ይቻላል። ባለፈው ዓመት በሞሉት ዓመታዊ የፌዴራል የገቢ ግብር ማሳወቂያ፣ ማለትም በቅጽ 1040፣ መስመር 24 ላይ ጠቅላላው ግብር ሰፍሯል። እዚያ ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ከሆነ፣ የግብር መጠን መውረዱ የቀረጡን ጭማሪ የሚያካክስ ገንዘብ አያመጣልዎትም።