ማንን አሸነፋችሁ? እንዴትስ አሸነፋችሁ?

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን በስፖርት መምህርነትና በሩጫ ውድድር ዳኝነት ስላሳለፍኩ፣ «ትልቁ ነገር ማሸነፍ ነው ወይስ መሳተፍ?» የሚለው ጥያቄ ከልጅም ከአዋቂም ይቀርብልኛል። የተለመዱት መልሶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አያጠግቡኝም። አንደኛው ያላሸነፈ ሰው ከንቱ ለፋ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የዘመናዊው ኦሊምፒክ መሥራች ባሮን ፒየር ደ ኩበርታን እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን የተናገሩት፣ ዋናው ቁም ነገር ማሸነፍ ሳይሆን መሳተፍ ነው የሚለው ነው። (ባሮኑ ለዕለት እንጀራቸው መሮጥ እንዳላስፈለጋቸው ግን ልብ በሉ።)

ከበቆጂ ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ማለዳ ተነሥታ ለምትሮጥ ልጅ ድል ማለት የወላጆቿ ቤት፣ የታናናሾቿ የትምህርት ክፍያ ሊሆን ይችላል። የሩጫውን ስፖርት የሚመራው ድርጅት፣ የዓለም አትሌቲክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ የአትሌቲክስ አሸናፊዎች ለእያንዳንዳቸው 50 ሺህ ዶላር ሲከፍል ለብርና ለነሐስ ባለቤቶች ምንም አልሰጠም። ከዚያም በፊት፣ አንድ አገር በአንድ የኦሊምፒክ ርቀት ከሦስት ሯጭ በላይ ማሰለፍ ስለማይፈቀድለት፣ በሌላ አገር ቢወለድ ኖሮ በቀላሉ ይመረጥ የነበረ ኢትዮጵያዊ አራተኛ በመሆኑ ብቻ ከቤቱ ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት «ማሸነፍ ምንም አይደለም» ብሎ መስበክ የጠገበ ሰው ምክር ነው። ስለዚህ ለማሸነፍ ተመኙ፤ ማሸነፍ ሳይፈልጉ መወዳደር አብሮ የሚሮጠውንም መናቅ ይመስለኛል።

እኔ የምጠይቃችሁ ከድሉ ኋላ ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ዙር ተፈትልኮ ወጣ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግን ተከትሎት መጥቶ መስመሩ ላይ ቀደመው። ኃይሌ የገባው በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ነበር። ሃያ አምስት ዙር ከተሮጠ በኋላ በመካከላቸው የተገኘው ልዩነት፣ በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውንና ሁለተኛውን ከለየው ያንሳል። ሰዓት መያዝ የለመደ ሰው ይህን ሲያይ ቴርጋትን «ተሸናፊ» ብሎ ለመጥራት አፉ አይታዘዝለትም። ቴርጋት እኮ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 በተከታታይ አምስት ጊዜ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን የሆነ፣ ኃይሌ ደግሞ ያንን ድል አንድ ጊዜም ያላገኘ ሰው ነው፤ ከመሙ ወጥተው ሣርና ጭቃ ላይ ሲገናኙ ደረጃቸው ይገለበጥ ነበር። ወደ ማራቶን ከተሻገሩም በኋላ ቴርጋት እ.ኤ.አ. በ2003 በበርሊን በ2:04:55 የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ፤ ኃይሌ ከአራት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ በ2:04:26 አሻሻለው። ቴርጋት ባይኖር ኃይሌ የሲድኒን ወርቅ ሳይቸገር ይወስድ ነበር፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ የምናወራው ሩጫ አይኖረንም ነበር። የዚያን ድል ዋጋ ከፍ ያደረገው ተሸናፊው ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ጠንካራ ተፎካካሪ ሲመጣ አይሸሽም። ከራሱ የሚሻል ባለሙያ እንዳይቀጠር በር የሚዘጋ የቢሮ ኃላፊ ቦታውን አስጠብቆ ይኖር ይሆናል፤ ማንንም ግን አላሸነፈም።

ኩረጃም እንዲሁ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የትምህርቱ ጥራት፣ ጦርነቱና ወረርሽኙ የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ሁሉንም በኩረጃ አላሳብብም፤ ነገር ግን ብዙ ወጣት እውነተኛ አቅሙን ያወቀው ያን ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። በስፖርቱ ደግሞ አበረታች ንጥረ ነገር አለ። እዚህ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው፤ «አሠልጣኜ ሰጠኝ» ማለት ነጻ አያወጣውም፤ እስከ አራት ዓመትም ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ማንም ይስጣችሁ ማን፣ ስሙንና ይዘቱን ያላጣራችሁትን ክኒንም ሆነ መርፌ አትቀበሉ።

ከውድድር ሜዳ ውጭ ያለው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። በአገራችን ልጅ የውጤት ካርዱን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ተብሎ ነው፤ ክፍልፋይ ማስላት ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በዚህ ያደገ ሰው መጨረሻ መስመር በሌለበትም ይሽቀዳደማል፤ ከትዳር ጓደኛው ጋር ሲከራከር፣ ከወንድሙ ጋር ውርስ ሲካፈል፣ በሥራ ስብሰባ ላይ ሐሳብ ሲሰጥ ሌላውን መርታት ያምረዋል። አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት ሜዳው ላይ አሽከርም ጌታውን ሊገጥም ስለሚችል፣ ፉክክሩም እዚያው ስለሚያበቃ ነው። ችግሩ የገናውን ዱላ ይዞ ቤት የሚገባው ሰው ነው።

ተፎካካሪን ማክበር ድልን መተው እንዳይመስላችሁ እ.ኤ.አ. የ2004ቱን የአቴንስ 10,000 ሜትር ተመልከቱ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስሕን፣ ጉዳት ይዞት የነበረው ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር ዞር እያሉ እያዩ ፍጥነታቸውን ቀነሱለት፤ ሊደርስባቸው እንዳልቻለ ሲረዱ ግን ሮጡ። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን፣ ኤርትራዊው ዘርእሰናይ ታደሰ ነሐሱን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ለታላቃቸው ያላቸውን አክብሮት አሳዩ፤ ውድድሩን ግን በስጦታ አልሰጡትም። «ምነው በሰጡት ኖሮ» የሚሉ አድናቂዎች ነበሩ፤ እኔ ግን ኃይሌን የሚያሳንሰው ያ ይሆን ነበር እላለሁ።

በተሸነፋችሁ ቀን የአሸናፊውን እጅ ጨብጡ፤ እንዴት እንደሚለማመድም ሳታፍሩ ጠይቁት። ሰዓታችሁን ከዳኛው ተቀብላችሁ ካለፈው ጋር አስተያዩ፤ እየተሻሻለ ከሆነ ሥልጠናችሁን አትቀይሩ፣ ለረጅም ጊዜ ካልተነቃነቀ ግን ርቀቱን ስለመለወጥ ከአሠልጣኛችሁ ጋር ተነጋገሩ። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን በ800 እና በ1,500 ሜትር ተወዳድሮ ማጣሪያውን ማለፍ አልቻለም ነበር፤ ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ሲቲ፣ በ36 ዓመቱ፣ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ደግሞ ወርቅ አገኘ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር