ሥራ ስለ መልቀቅ፣ ሙያ ስለ መለወጥና ከወረዳ ጋር ስለ መሟገት፦ ጥያቄና መልስ

በግል ድርጅቶች የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍልና በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ፣ ከአባላት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አቅሜ እመልሳለሁ። የምጠቅሰው ሕግ በአብዛኛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ ይህ አዋጅ እነርሱን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ለ6 ዓመት በጥራት ተቆጣጣሪነት ሠርቻለሁ። ትእዛዝ ከቀነሰ ወዲህ ሥራው አንገሽግሾኛል፤ አለቃዬ ግን «በራስሽ ፈቃድ ከለቀቅሽ ምንም ክፍያ አታገኚም» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፣ እህቴ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ሕግ) ዕድል ካስወጣች በኋላ በሐዋሳም ሆነ በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች ያሉ ብዙ ሠራተኞች ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርበውልኛል፤ ስለዚህ በዝርዝር ልመልስ። ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ስሌቱም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚህ አንድ ሦስተኛ ስለሆነ፣ የእርስዎ 6 ዓመት የ80 ቀን ደመወዝ ያስገኛል። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ተቀይሮ ይከፈልዎታል። ይህ ሁሉ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል ያለበት ሲሆን፣ አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል።

ነገር ግን ተናደው አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ እንዳይቀሩ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተው፣ በቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስፈርሙ፤ ያለ ማስጠንቀቂያ የሄደ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ክፍያውን ከከለከሉዎትም 6 ወር ሳያልፍ ይክሰሱ። እኔ እንዳየሁት አብዛኛው ሠራተኛ የሚሸነፈው መብት ስለሌለው ሳይሆን፣ «ነገ ይከፍሉኛል» እያለ ጊዜው ስለሚያልፍበት ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ ከልክለውኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ካልሰጡዎት ወደ ሥራና ክህሎት ቢሮ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ባንክ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወደ ሶፍትዌር ሥራ መግባት እፈልጋለሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ዘገየሁ?

መልስ፦ አልዘገዩም። በ2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ፕሮግራሚንግንና ዳታ ሳይንስን በነፃ ስለሚያስተምር፣ ደመወዝዎን ሳይለቁ በማታ መጀመር ይችላሉ። ሆኖም የምስክር ወረቀት ብቻውን ቀጣሪ አያመጣም፤ ገበያው ላይ ኮርስ ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ሞልተዋል። እነርሱ የሌላቸው፣ እርስዎ ግን ያለዎት ነገር የብድርና የሒሳብ አሠራር ዕውቀት ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ሥራ በባንክ ሶፍትዌር አካባቢ ቢፈልጉ ይሻላል። ባንኩ አሠልጥኖዎት ከሆነ ደግሞ የፈረሙትን የሥልጠና ውል ከመልቀቅዎ በፊት ያንብቡ። የጡረታው ጉዳይ አያስጨንቅዎት፤ 7 በመቶው የእርስዎ፣ 11 በመቶው የአሠሪው የሆነው መዋጮ በአዲሱ ድርጅት ይቀጥላል፣ ያለፈው አገልግሎትዎም ይደመራል።

ጥያቄ፦ የምሠራበት የግል ድርጅት የወረዳ ኃላፊዎች በጠየቁት መሠረት ከደመወዛችን «መዋጮ» ይቆርጣል፤ ተቃውሞ ያሰማ ደግሞ እድገት አያገኝም።

መልስ፦ ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። በስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት የጽሑፍ ስምምነት አይደለም። በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግም የተከለከለ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ብቻዎን ቢቃወሙ እርስዎን ለይቶ መጉዳት ቀላል ይሆናል፤ ማኅበር ካለ በማኅበሩ በኩል፣ ከሌለ ብዙ ሆናችሁ በጋራ በተፈረመ ደብዳቤ መጠየቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ለቅቄ ከጓደኞቼ ጋር የብረታ ብረት ሥራ ለመጀመር ተደራጅተናል። የማምረቻ ሼድ ግን ከእኛ በኋላ ለተመዘገቡ፣ ዘመድ ላላቸው ተሰጠ። የመረጥነው ምክር ቤት ለምን አይጠይቅም?

መልስ፦ ቁም ነገሩ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ነበር፤ የ2010ሩ ተራዘመ፤ በ2013ም ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ከተማ ምክር ቤቶች በቀር የወረዳና የቀበሌ ምርጫ አልተደረገም። በድምፅ እንደማይሻር የሚያውቅ ኃላፊ ስለ ወረፋ መዝገብ ባይጨነቅ አይገርምም። መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የምዝገባውን ቅደም ተከተልና ሼድ የተሰጣቸው የተመረጡበትን መስፈርት በጽሑፍ ጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ዝም ካለ፣ ገቢ የተደረገበትን የደብዳቤ ቅጂ ይዛችሁ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ አቤት ማለት ትችላላችሁ። ይህ መንገድ ፈጣን አይደለም፤ ስለዚህ ሼዱን እየጠበቃችሁ ገቢ አልባ እንዳትሆኑ፣ ቢያንስ አንዳችሁ ደመወዝ የሚያገኝበትን ሥራ ገና አይልቀቅ።