በአክዓብ ቤት ለምትሠሩ ልጆቼ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመራችሁ አንዳንዶቻችሁ «እምነቴንና እንጀራዬን እንዴት ላስታርቅ?» ስትሉ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በመንግሥት የሒሳብ መዝገብ ላይ የፈጀሁ ሰው ነኝ። እንደ ሥራ ባልደረባ ስሙኝ።

ሥልጣን «ክርስቶስን ካድ» ብሎ የሚመጣ ከመሰላችሁ የምትጠብቁት በተሳሳተ በር ነው። አቡነ ጴጥሮስን አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የረሸኗቸው ከክርስቲያን አገር የመጡ ጣሊያኖች ናቸው። ማዕተብዎን ይበጥሱ አላሏቸውም። የፈለጉባቸው አርበኞቹን እንዲያወግዙና ሕዝቡን ተገዛ እንዲሉ ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ ገዝተው ሞቱ። በ1921 ዓ.ም. አብረዋቸው ጵጵስና ከተሾሙት አቡነ ሚካኤልም ተረሸኑ። ሌላው አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. ጣሊያን ያቀረበላቸውን የሊቀ ጳጳስነት መንበር ተቀበሉ። ሃይማኖታቸውን አልለወጡም፤ ቅዳሴውም አልታጎለም። ምናልባት ምእመኑን ከእልቂት አተርፋለሁ ብለው ይሆናል፤ ልባቸውን የሚያውቅ አንድ ፈጣሪ ነው። እኔን ግን ዘወትር የሚያስፈራኝ የእርሳቸው ታሪክ ነው፤ መስቀሉ ከእጅ ሳይወርድ ጌታው ሊለወጥ ይችላልና።

በደርግ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት ይጠራ ነበር። ስም ይጠራል፣ ግራ እጅ ይነሣል፣ መፈክር ያስተጋባል። የቀረ ሰው ይጠረጠራል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸውም እምቢ አሉ፤ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ዓመት ነው።

ቢሮውን ጥላችሁ ውጡ እያልኩ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ አብድዩ የእስራኤል ንጉሥ የአክዓብ ቤት አዛዥ ነበር። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል የእግዚአብሔርን ነቢያት ስታስፈጅ መቶውን ወስዶ አምሳ አምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሸጋቸው፤ እንጀራና ውኃም መገባቸው። በዚያ የድርቅ ዘመን ያን ሁሉ እንጀራ ከየት እንዳመጣው መጽሐፉ አይነግረንም። የሒሳብ ሰው ነኝና ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ከራሱ ድርሻ ያወጣው ይመስለኛል። ንጉሡን በሥራው አገለገለ፤ የነቢያቱን ደም ግን አልተካፈለም።

እናንተም ቃለ ጉባኤ ለፊርማ ሲቀርብላችሁ በውሳኔው የሚጎዳው ማን እንደሆነ አንብባችሁ ፈርሙ። በግምገማ ላይ ስለ ባልደረባችሁ በዓይናችሁ ያላያችሁትን አትመስክሩ፤ አለቃችሁ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሆንም እንኳ። እንዲያውም ያን ጊዜ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ውለታውና ወንድማማችነቱ አፍ ያስይዛሉ። ሰባኪ ከዐውደ ምሕረት ላይ ሹም ሲያሞግስ አብራችሁ አታጨብጭቡ። እድገቱ ሊያልፋችሁ ይችላል። እኔንም አልፎኛል፤ ልጆቼ ግን ጦማቸውን አላደሩም።