ቤዙ የት ገባ?

ጥያቄ፦ የጃዝ ድራመሩን የአርት ብሌኪን «ኤ ናይት አት በርድላንድ» የተባለ የክለብ ቀረጻ በሸክላ ገዛሁ። ትራምፔቱና ድራሙ ጥርት ብለው ሲሰሙ ቤዙ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከሥር «እምምም» የሚል ድምፅ አለ፤ ይንጫረራልም። ጥፋቱ የሸክላው ነው ወይስ የማጫወቻዬ?

መልስ፦ መጀመሪያ የማጫወቻዎን ድርሻ እንለይ። ድምፁን ሳይቀንሱ መርፌውን ከሸክላው ላይ ያንሱ። «እምምታው» ካልጠፋ ሸክላው ንጹሕ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከማጫወቻው የሚወጣው ቀጭኑ የግራውንድ ሽቦ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ላልቶ ነው።

መንጫረሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ቀረጻው ሞኖ ነው፤ ሁሉም ድምፅ በአንድ ትራክ ላይ ነው ያለው። በሞኖ ሸክላ ሙዚቃው ያለው መርፌውን ግራና ቀኝ በሚያወዛውዘው ቦይ ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነጥረው አቧራና ጭረት ነው። የስቴሪዮ መርፌ ሁለቱንም ያነብባል። አምፕሊፋየርዎ የሞኖ ቁልፍ ካለው ይጫኑት፤ የላይና የታቹ ጫጫታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ጭብጨባውና የሰዉ ድምፅ ግን የክለቡ ስለሆነ እሱን ለማጥፋት አይድከሙ።

በቤዙ ማጫወቻዎን አይውቀሱ። የካቲት አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1954፣ የድምፅ ቀራጩ ሩዲ ቫን ጌልደር ኒውዮርክ በርድላንድ ክለብ ውስጥ ሲቀዳ ቤዝ ተጫዋቹ ከርሊ ራስል የቆመው እንደ ብሌኪ ያለ ኃይለኛ ድራመር አጠገብ ነበር። ጠባብ መድረክ ላይ ለቤዝ የተተከለ ማይክሮፎን ሲምባሉንም ይሰማል፤ ቤዙ ከፍ ሲል ሲምባሉም አብሮ ይወጣል። በዚያ ላይ ድምፅ 3 ሜትር ለመጓዝ ወደ 9 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ አንዱ መሣሪያ በሁለት ማይክሮፎን ተሰምቶ በአንድ ትራክ ሲቀላቀል ከፊሉ ይሰራረዛል። አንዴ ሞኖ ሆኖ ከተቀዳ በኋላ ደግሞ በአምፕሊፋየር ቁልፍ ቤዙን ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

የቤዝ ማስተካከያውን ወደ ላይ አያዙሩት፤ ትርፉ የሞተሩን ጉርምርምታ ማጉላት ነው። ኢኳላይዘር ካለዎት ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ አካባቢ 2 ዴሲቤል ብቻ ይጨምሩ፤ ጣት ክሩን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ እዚያ ስላለ ጆሮ ቤዙን መከተል ይችላል። ትራምፔት ተጫዋቹ ክሊፎርድ ብራውን በሚመራው ዝግ ባለው ዜማ «ዋንስ ኢን ኤ ዋይል» ይጀምሩ፤ በ«ክዊክሲልቨር» ፍጥነት ቤዝ መለየት ለለመደ ጆሮም ከባድ ነው።

የሞኖውን ቁልፍ ሳይጫኑ ደግሞ የመድረክ አስተዋዋቂውን የፒዊ ማርኬትን ድምፅ ያዳምጡ። ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል ካልመጣ የመርፌው ራስ ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል ከፊት ለፊት አይተው ያቅኑት።