በክሊክ ልክፈል ወይስ በእይታ? ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ስለ ኦንላይን ማስታወቂያ ክፍያ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አጣምሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልዩነቱ ባጭሩ ምንድነው?

በክሊክ ከሆነ ሰው ማስታወቂያህን ሲነካ ብቻ ትከፍላለህ። በእይታ ከሆነ ዋጋው ለ1,000 እይታ ይቆረጣል፤ ነኩትም አልነኩትም ሒሳቡ ያው ነው።

ጥያቄ፦ የቆዳ ቦርሳ እሸጣለሁ። አንዱ ድረ ገጽ ለ1,000 እይታ 80 ብር፣ ሌላው ለአንድ ክሊክ 10 ብር አለኝ። የቱ ያዋጣኛል?

እህቴ፣ የሁለቱ አንባቢ ተመሳሳይ ከሆነ 80ን ለ10 አካፍዪው፤ 8 ይመጣል። ከ1,000 እይታ ከ8 ሰው በላይ የሚነካልሽ ከሆነ በእይታ መክፈሉ ይረክሳል። 4 ሰው ብቻ ከነካ ግን አንዱ ክሊክ 20 ብር ገባ ማለት ነው። ስንት እንደሚነካ ሳይሞከር አይታወቅም፤ ስለዚህ አዲስ ከሆንሽ በክሊክ ጀምሪ። ማስታወቂያሽ ባይስብ የሚከስረው ድረ ገጹ ነው።

እዚህ ላይ ግን አታቁሚ። ከ50 ክሊክ አንድ ሰው ብቻ ቢገዛ፣ አንዷን ቦርሳ ለመሸጥ 500 ብር አወጣሽ። ቦርሳዋ የምታተርፍልሽ 400 ከሆነ ስለ ክሊክ ዋጋ መጨነቁ ምንም አይፈይድም። ቀድሞ የሚስተካከለው ፎቶው፣ ዋጋው ወይም ስልክ አለማንሳትሽ ነው። (አትቀየሚኝ፤ ብዙ ሻጭ ገዢ የሚያጣው እዚችው ጋ ነው።)

ጥያቄ፦ ሰው ካልነካ ባለ ድረ ገጹ ይከስራል አልክ። ታዲያ ጉግል ለምን በክሊክ ይሸጣል?

ጉግል የሚከስርበትን ንግድ አይነግድም። ቢል ግሮስ ያቋቋመው ጎቱ የተባለ ድርጅት በ1998 የፍለጋ ማስታወቂያን (ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ከውጤቱ ጋር የሚወጣውን) በክሊክ ማጫረት ሲጀምር፣ ከላይ የሚቀመጠው ብዙ የሰጠው ነበር። ጉግል ደግሞ የማስታወቂያ መሸጫውን አድወርድስን በ2000 የከፈተው በእይታ እያስከፈለ ነው። በ2002 ወደ ክሊክ ሲዞር አንድ ነገር ጨመረ፦ የሰጠኸውን ዋጋ ማስታወቂያህ በሚነካበት መጠን ያባዛዋል።

አንዱ ለክሊክ 20 ብር ሰጥቶ ከ1,000 እይታ 2 ሰው ቢነካለት ለጉግል 40 ብር ያስገባል። ሌላው 8 ብር ብቻ ሰጥቶ 10 ሰው ቢነካለት 80 ብር ነው። ቦታውን የሚወስደው ሁለተኛው ነው። ዛሬ ሌሎች መለኪያዎችም ገብተዋል፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው። በክሊክ ስትከፍልም ከጓዳ የሚሠራው ሒሳብ የእይታ ነው። ማስታወቂያው የማይስብ ሰው ወይ ብዙ ይከፍላል ወይ አይታይም።

ጥያቄ፦ ፌስቡክ ላይ «በክሊክ 3 ብር» ይለኛል። በክሊክ እየከፈልኩ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የምትከፍለው በእይታ ነው፤ ያ ቁጥር ያወጣኸው ገንዘብ ለክሊኮቹ ሲካፈል የሚመጣ አማካይ ነው።

ጥያቄ፦ ተፎካካሪዬ ደጋግሞ እየነካ ባጀቴን ቢጨርስብኝስ?

ያጋጥማል። ጉግል የሚጠረጥራቸውን ክሊኮች ያጣራል፤ ዘግይቶ ከደረሰባቸውም ሒሳቡን ይመልሳል። ሁሉንም ይይዛል ማለት ግን አይደለም። በእይታ መክፈልም ማምለጫ አይሆንህም፤ እዚያ ደግሞ ሮቦት «ያይልሃል»፣ ወይም ማስታወቂያህ ማንም በማይደርስበት የገጹ ግርጌ ይሰቀላል። በዘርፉ መለኪያ አንድ ባነር (ገጽ ላይ የሚለጠፍ የምስል ማስታወቂያ) «ታየ» የሚባለው ግማሹ ስክሪን ላይ ለ1 ሰከንድ ከቆየ ነው፤ ቪዲዮ ሲሆን 2 ሰከንድ። አንድ ሰከንድ፣ በቃ!

ጥያቄ፦ የቴሌግራም ቻናል ባለቤት ለአንድ ፖስት 3,000 ብር ጠየቀኝ። ይህ ከየትኛው ነው?

ከሁለቱም አይደለም፤ ቁርጥ ዋጋ ነው። አንተ ግን ወደ እይታ ለውጠው። የተከታዩን ብዛት ተወውና በቅርብ የለጠፋቸው ማስታወቂያዎች ሥር ያለውን የእይታ ቁጥር ተመልከት። 15,000 ከሆነ 1,000ው እይታ 200 ብር ወጣ። ከዚያ ተከራከር።

ጥያቄ፦ ታዲያ መቼ ነው በእይታ የምገዛው?

ሰው እንዲነካ ሳይሆን እንዲያውቅ ስትፈልግ። የበዓል ባዛር ቀኑና ቦታው ምስሉ ላይ ከተጻፈ ክሊክ ምን ያደርግልሃል? ማስታወቂያህ ብዙ እንደሚነካ በቁጥር ካረጋገጥክም እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ ብሎግ አለኝ፤ አድሴንስ የሚከፍለኝ በክሊክ ነው አይደል?

አድሴንስ ጉግል በሌሎች ሰዎች ገጽ ላይ ማስታወቂያ እያወጣ ለባለ ገጹ የሚከፍልበት አገልግሎት ነው። ድሮ በዋናነት እንደዚያ ነበር። ጉግል በ2023 መጨረሻ ላይ ክፍያውን ወደ እይታ እንደሚያዞር አስታውቆ በ2024 መጀመሪያ ለውጡን አደረገ። ስለዚህ «ማስታወቂያዋን ክሊክ አድርጉልኝ» የምትለዋን ልመና ከገጽህ አውርዳት፤ ድሮም ክልክል ነበረች፣ አካውንት ታዘጋለች።